ዶሮ የፈለገው ሰፈር

ላይ ሾላ በሚባለው ሰፈር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሟቹ ጠዋት ይሙት ማታ፣ ሩቅ ይሁን ቅርብ፣ ባለሐዘኑ የሚሰማው ንጋት ላይ፣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሽማግሌ አፍ ነው። ከዚያ በፊት የሰማ ሁሉ እንዳልሰማ ይሆናል። ሰላምታ ይሰጣል፣ ይቀልዳል፣ ወንፊት ይዋሳል። ደሴ የጦሳን ተራራ ሽቅብ ይዛ ካደገች፣ በገመድ የሚሄደው ተንጠልጣይ መኪና ሰዉን ከፒያሳ ወደ ዳገቱ ማመላለስ ከጀመረ፣ ቤቱም በቤት ላይ ከተደራረበ በኋላ ይህ ልማድ አልተለወጠም።

የተለወጠው ግድግዳው ነው።

በየቤቱ ሳሎን ውስጥ አንዱ ግድግዳ ለኢንተርኔት መስመር አቅራቢው የተሰጠ ነው። መስመሩ በነፃ ይገባል። በምትኩ አቅራቢው ቤተሰቡ የሚከፍተውን ገጽ ሁሉ ያያል፤ ካየው ተነሥቶም ይጠቅማችኋል ያለውን ዕቃ ግድግዳው ላይ ያሳያል። ሰው ይህን እንደ ዝናብ ለምዶታል። ጥርሱን ያመመው ሰው ስለ ጥርስ አንድ ገጽ ካነበበ ራቱን የሚበላው ከጥርስ ሐኪም ፎቶግራፍ ፊት ለፊት ነው። አንዲት ልጅ ተደብቃ ስለ እርግዝና ካነበበች የሕፃን አልጋውን መጀመሪያ የሚያየው አባቷ ነው። ስለዚህ እንግዳ ሆኖ የሰው ቤት የገባ ሰው ግድግዳውን አያይም። ልጆች ይህን ጨዋነት የሚማሩት በር ላይ ጫማ ማውለቅን በሚማሩበት ዕድሜ ነው። የማያይ መስመርም አለ ይባላል፤ የሚከፈልበት ነው። በላይ ሾላ ያስገባው ሰው የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት አቶ ሺበሺ ደምሴ፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሾፌር፣ እንደ ልማዱ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ተነሥቶ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ሳለ ግድግዳው በራ። «በዚህ ከባድ ጊዜ ከጎንዎ ነን» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ከሥሩ የድንኳን ኪራይና ጥቁር ነጠላ ተደርድሯል። አዲስ አበባ ሆስፒታል የተኛችው ልጁ በዋዜማው ከቀትር በኋላ ሞታ ነበር። ቅሬው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበር ማለት ነው፣ ዜናው ደርሶት ነበር። ያን ዕለት ማታ በሰፈሩ ግድግዳ ፊት ለመቀመጥ ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አጥፍቶ አመሸ። ሽማግሌዎቹ ሲነጋጋ በሩን ቆርቁረው ሲገቡ ሺበሺ የተላጠውን እንቁላል እንደያዘ ቆሞ አገኙት።

«ግድግዳው ቀድሟችኋል» አላቸው። 

ነገሩ ሺበሺን ብቻ አልጎዳም። የላይ ሾላ ቅሬ ድንኳኑ የራሱ ነው፣ ወንበሩ የራሱ ነው፣ ቀባሪው የራሱ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ግን መርዶ አነጋገሩ ነበር። ያ ተነጠቀ። ሰው ሲናደድ ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ዘነቡ ተገኝ የምትባል ሹሩባ ሠሪ በዚያው ሳምንት ስለ ጥቁር ጨርቅ ዋጋ ማንበቧ ተሰማ። ለደንበኛ ቀሚስ ነው ብላ ማለች። ማንም አልቀጣትም፣ ከቅሬውም አላስወጣትም። ከዚያ ወዲህ ግን መርዶ ያለበትን ቤት የሚነግራት ሰው የለም። ለቅሶ ትመጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ከዳር ትቀመጣለች። የምትሰማው ግን ባለሐዘኑ ከሰማ በኋላ ነው።

ቅሬው ደንብም አወጣ። መርዶ ባለ ቀን ሁሉም ቤት መስመሩን ይዘጋል። ዜናውም በእግርና በጆሮ ብቻ ይሄዳል። ይህ ሆኖም ባለፈው ዓመት ግድግዳው አንድ ጊዜ ደግሞ ቀደማቸው። ከየት ልትሰማ እንደምትችል ማንም ማስረዳት ባይችልም፣ ዘነቡ እንደገና ታማች።

የቢተው ዜና የደረሰው በዚህ መሀል ነው።

ይዞት የመጣው ሐመዱ የሚባል የአፋር ወጣት ነው። ከሰመራ ወዲያ ባለው የፀሐይ ማሳ ላይ መስታወት ከሚወለውሉት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ከባቡር ወርዶ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ፣ እየጠየቀ ቀትር ላይ የቅሬው ዳኛ የአቶ ይማም ሸዋረጋ ቤት ደረሰ። ይማም የመሬት ቀያሽ የነበረ፣ አሁንም መንገድ ሲሄድ ዓይኑ የግንብ መዝመም የሚለቅም ሰው ነው። እንግዳውን አስቀመጠው፣ አስታጠበው፣ እስኪበላ ድረስ ምንም አልጠየቀውም። ልጁ ሰሚራ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ፣ ከአባቷ ጎን ቆማ ትጠብቃለች።

«የወይዘሮ ይመኙሻል ልጅ» አለ ሐመዱ በመጨረሻ። «ቢተው። ትናንት የመወልወያው መኪና ተገልብጦበት ነው። አስከሬኑ ነገ በጠዋቱ ባቡር ይመጣል።»

ይማም ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። ሰሚራ ከንፈሯን ነከሰች። ከቢተው ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል።

«ብትደውሉ ይደርሰን ነበር» አለች ቆይታ። «ይህን ሁሉ መንገድ…»

«እኛ ዘንድ ዜና ፊት ለፊት ቆመው ነው የሚሰጣጡት፤ ዳጉ እንለዋለን። ቢተው ይወደው ነበር። ‹የሞትኩ ቀን ሰው ላኩ፤ እናቴን ግድግዳ እንዳይነግራት› እያለ ይቀልድ ነበር።» ሐመዱ ውሃውን ጠጣ። «ቀልድ መስሎን ነበር። የማሳው ኃላፊዎች ሳልስት እስኪወጣ መዝገብ እንዳይነኩ ለምነን እሺ ብለዋል። እዚያ በኩል ያለው ተዘግቷል። እዚህ ያለው የእናንተ ነው።»

«የኛ ነው» አለ ይማም።

ወይዘሮ ይመኙሻል ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ጡረታ የወጣች ናት፤ ጥጥ በእጇ ዳብሳ ደረጃ ታወጣ ነበር። ልቧን ያማታል። ቢተው አንድ ልጇ ነው። ያን ቀን ኮምቦልቻ የታመመች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ወርዳለች፤ የምትመለሰው ወደ ማታ ነው። ስልክ ይዛ አትዞርም። «ቤት ውስጥ የሚለፈልፍብኝ ይበቃኛል» ትላለች። ግድግዳዋን ግን አጥፍታው አታውቅም፤ ቢተው አልፎ አልፎ ፊቱን የሚያሳያት እዚያ ላይ ነው።

ሰሚራና ሺበሺ ደረጃውን ተከፋፍለው ቤት ለቤት ሄዱ። በር ይቆረቆራል፣ አንገት ይሰገጋል፣ ጆሮ ይጠጋል። የሰማው ሰው አፉን በመዳፉ ይይዛል፣ ከዚያ ተመልሶ መስመሩን ይዘጋል። ጥላው ሲዞር ይማም በረንዳው ላይ ቆሞ ሲመለከት የየቤቱ ሰማያዊ ብርሃን ተራ በተራ ይጠፋ ነበር። አንድም ቤት አላመነታም። ደስ አለው። በሐዘን ውስጥ ያለ ደስታ ነው፤ የሚታዘዝለት ሕዝብ ያለው ሰው ደስታ።

ዘነቡ በሩን ሳታንኳኳ የገባችው ይህን ጊዜ ነው።

«ጋሽ ይማም፣ ማን ነው የሞተው?»

ይማም ዞረ። ሰሚራ ገና ከሩጫዋ መመለሷ ነበር፤ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

«ማን ነገረሽ?» አለ ይማም።

«ማን ይነግረኛል? እናንተ ልትነግሩኝ ነው? ግድግዳዬ ነዋ! የፀጉር ቅባት እያየሁ ተቀምጬ ድንኳን አመጣልኝ። ነጠላ አመጣልኝ። ‹ከጎንዎ ነን› አለኝ፤ ጎን ይንሳውና!»

«ሌላ ምን ከፍተሽ ነበር?»

«ይምጡና ይዩ። ቅባት ነው። የአደስ ቅባት።» መሐረቧን ፈትታ እንደገና አሰረችው። «ደግሞ የዛሬው የመጀመሪያ አይደለም። አምናም እንዲሁ ነው፣ ካቻምናም እንዲሁ። እናንተ ጸጥ ባላችሁ ቁጥር የኔ ግድግዳ ሰው ሞተ ይለኛል። ብናገር ማን ያምነኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን… ይመኙሻል በጠዋት ስትወጣ ሰላም ብላኛለች። እሷ ናት እንዴ?»

ይማም «ጸጥ ባላችሁ ቁጥር» ያለችውን በልቡ ይደግም ነበር። ወደ በረንዳው ተመልሶ ዳገቱን ከላይ እስከ ታች አየ። የጨለሙትን ቤቶች አየ። ከዚያ ያልጨለሙትን ፈለገ። ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ማንም ያልነገራት የዘነቡ ቤት ነው። ሌላው ሊነገራት የማይገባ የይመኙሻል ቤት።

ቀያሽ የማያየውን ርቀት በሚያያቸው ሁለት ነጥቦች ያሰላል። ይማም በሁለቱ መስኮቶች መሀል ቆሞ ነገሩ ገባው። ሾልኮ የወጣ ቃል አልነበረም። አቅራቢው መስመሩ ሲጠፋ ማየት ተምሯል። አንድ ሰፈር በሥራ ቀን፣ በፀሐይ፣ ባንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰው መሞቱን ለምዷል። ከዚያ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው፦ መብራቱ ያልጠፋውን ቤት መፈለግ። ያላወቀው ሰው እሱ ነውና። ጨዋነታቸው ራሱ ጡሩምባ ሆኖ ይነፋ ነበር።

«እኛው ነን» አለ ይማም።  «ዝምታችን ነው የነገረብን። ዘነቡ፣ ሦስት ዓመት…»

«እሱን ሌላ ቀን ያለቅሱልኛል» አለች ዘነቡ። «ይመኙሻል በስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?»

«ተንጠልጣዩ ላይ ወጥታ ይሆናል አሁን።»

«የሷ ግድግዳ በተቆለፈ ቤት ድንኳን ተክሎ እየጠበቃት ነው ማለት ነው።»

ሺበሺም ደረሰ። ነገሩን በአጭሩ ነገሩት። እንደ ቆመ አዳመጠ፤ ዘነቡን ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ቀና ብሎ አላያትም ነበር፣ አሁን አያት። ወንበር ስቦ ሰጣት።

«መስመሩን እንክፈት» አለች ሰሚራ። «ሁሉም ቤት ይክፈት። እንደ አዘቦት ቀን ይምሰል።»

«ከፍቶ ምን ያንብብ?» አለ ይማም። «ሰዉ ሐዘን ላይ ነው። ልቡ የሚሄደው ወደ ሞት ነገር ነው፤ ያንን ከከፈተ ባሰ። ግድግዳዋ ሰፈሩን አይቶ ከሆነ የሚያሳየው፣ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይፈልግ። ጎላ ያለ ነገር። ድንኳኑን ከግድግዳዋ የሚገፋ።»

«ሠርግ!» አለች ሰሚራ። «ሠርግ እንፈልግ። ከሐዘን የራቀ ነው።»

ሺበሺ ራሱን ነቀነቀ። «ተይ ልጄ። የሠርግ ልብስ አይታ ቢተው ሊያገባ ነው ብላ ደስ ብሏት ትደር? ነገ እኛ ገብተን ስንት ሞት ልንነግራት ነው?»

ሰሚራ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።  ደስታም አይሆንም፣ ሐዘንም አይሆንም። ጉዞ አይሆንም፣ ቢተው ይመጣልና። መድኃኒት አይሆንም፣ ልቧ አለና። የአንዲት እናት ነገር ሁሉ ዞሮ ልጇ ጋ ይደርሳል።

«ዶሮ ፈልጉ» አለች ዘነቡ።

«ዶሮ?»

«ቄብ። እንቁላል ልትጥል የደረሰች ቄብ። ዶሮ ማንን አስለቅሶ ያውቃል?»

«እኔን» አለ ሺበሺ። «ሽንኩርቱ።»

ሳቁ ሳያስቡት አመለጣቸው፤ ሐመዱ እንኳ ከጥግ ሆኖ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ተነሡ።

ከሁሉ የከበደው ሥራ የዘነቡ ነበር፤ እራሷ መረጠችው። ወደ ተንጠልጣዩ ጣቢያ ወርዳ፣ ሰፈሩ ዶሮ እስኪሞላ ይመኙሻልን እዚያ ማቆየት ነው። ያደረጉትን ንግግር ጣቢያው በር ላይ ሎሚ የምትሸጠው ሴት ሰምታዋለች፤ ከሷ የተገኘው ይህ ነው።

«ዘነቡ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለች ይመኙሻል ከካቢኔው እየወረደች።

«አንቺን ነው የምጠብቀው፣ እታለም። ጠዋት ሳይሽ ሹሩባሽ ጆሮሽ ጋ ተፈትቷል። ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።»

«ጠዋት አይተሽ ሌሊቱን? ሌሊቱ መች መጣ?»

«ሊነሳኝ ነው ማለቴ ነው። ተቀመጪ።»

«በአደባባይ?»

«ማን ያይሻል? ሎሚ ሻጭ ናት፣ እሷ ደግሞ ሎሚዋን ነው የምታየው።»

ይመኙሻል እየሳቀች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ዘነቡ ከኋላዋ ቆማ የተፈታውን አንድ ዘርፍ ያዘች፤ ቀጥሎ ጎኑን ፈታች፣ ቀጥሎ ያልተፈታውንም ፈታች። እንደ አዲስ ጀመረች። ነገ የሚፈርስ ሹሩባ ነው፤ እሷም ታውቃለች። ግን አላሳጠረችውም፣ ጉንጉኑን አላላላችውም። ለሙሽራ እንደምትሠራው ከግንባር ጀምራ ወደ ማጅራት በቀጭኑ ወሰደችው።

«ቢተው በዓልን እዚህ ነው የሚውለው» አለች ይመኙሻል። «ያ በረሃ አከሰለው። ባለፈው ሳየው ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው።»

«ጠይም ያምርበታል» አለች ዘነቡ።

«ያምርበታል፣ አይደል? አባቱን ነው የመሰለው።»

«አባቱን ነው የመሰለው።»

ሎሚ ሻጯ እንደምትለው የዘነቡ እጅ አንድም ጊዜ አልቆመም።

ሽቅብ፣ ሰፈሩ ውስጥ፣ ሰማያዊው ብርሃን አንድ በአንድ እየተመለሰ ነበር። ይማም ከቤት ቤት ሲዞር ያየውን በኋላም አይረሳውም። የቢተው የልጅነት ጓደኛ፣ ከሱ ጋር በአንድ ኳስ ያደገ ጎልማሳ፣ እንባው አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ ስለ ዶሮ መኖ ያነባል። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ጎናቸው አስቀምጠው «አሁን ደግሞ ቀይዋን ክፈት፤ እህ፣ ስንት ትጥላለች ይላል?» ይላሉ፤ መሐረባቸው እርጥብ ነው። ሺበሺ የቆጥ አሠራር ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ቆጡ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ሁለት ገጽ እርስ በርሳቸው ተቃርነውበት ተናዷል። ደረጃ ላይ የተገናኙ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ፈንግል በሽታ ይጠያየቃሉ። ማንም ገልጦ አላለቀሰም። ማንም መስመሩን አልዘጋም። ከዚህ ቀደም በሐዘን ቀን የሚያውቁት ዝም ማለትን ነበር፤ ዛሬ እየተንጫጩ አዘኑ።

ሰሚራ የዘነቡ ቤት ገብታ ግድግዳውን ጠበቀች። ድንኳኑ ቆየ። ከዚያ ነጠላዎቹ ወደ ጥግ ተገፉ። ከዚያ አንዲት ገብስማ ቄብ መሀል ላይ ብቅ ብላ አንገቷን አሰገገች። ሌላ መጣች። ድንኳኑ ጠፋ። ሰሚራ ወደ በሩ ሮጣ «ጋሽ ሺበሺ!» ብላ ተጣራች፤ ሺበሺ ወደ ጣቢያው ወረደ።

«ዘነቡ» አለ እያለከለከ፣ «ዶሮዎቹ ገብተዋል።»

«የምን ዶሮ?» አለች ይመኙሻል።

«ሰፈሩ ዶሮ ሊያረባ ነው» አለች ዘነቡ የመጨረሻውን ዘርፍ እየቋጠረች።

«በዚህ ዳገት? እንቁላሉ ተንከባሎ ፒያሳ ሊወርድ?»

ሦስቱም እየተሳሳቁ ወጡ። ይመኙሻል በሯን ከፍታ ገባች። ሺበሺና ዘነቡ ደረጃው ላይ ቆሙ። በየበረንዳው ሰው አለ፤ ሁሉም ሌላ ሥራ ያለው መስሎ ልብስ ያጥፋል፣ ችግኝ ያጠጣል።

መስኮቱ ተከፈተ።

«እናንተ!» አለች ይመኙሻል ወደ ውጭ። «ይህን ግድግዳ ምን ነካው? ዶሮ በዶሮ ሆነ እኮ! አንዷማ ዓይኗ የይማምን ይመስላል!»

ዳገቱ ሁሉ ሳቀ። ከሚገባው በላይ፣ ከሚገባውም ጊዜ በላይ ረዝሞ ሳቀ፤ ሳቁን የሚያቆም ሁሉ እንባው እንዳይቀድመው ይፈራ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ይማም፣ ሺበሺ፣ ሐመዱና ዘነቡ በሩን ቆረቆሩ። ዘነቡ ከመርዶ ነጋሪ ጋር ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ይመኙሻል በሩን ከፈተች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ግድግዳው ከኋላዋ በርቷል፤ ቄቦቹ ድምፅ ሳያሰሙ ጥሬ ይለቅማሉ።

«ተቀመጪ፣ ይመኙሻል» አለ ይማም።

«ይህን ያህል ሆናችሁ…» አለች። ሐመዱን፣ የማታውቀውን ልጅ፣ ከስሎ የጠቆረ ፊቱን አየች። ተቀመጠች። «ቢተው ነው?»

ይማም ፊት ለፊቷ ተንበረከከ፤ ዓይኗን እያየ ነገራት።

ስትጮህ ዘነቡ ደርሳ ያዘቻት። ሺበሺ ትከሻው ላይ የነበረውን ጋቢ አውርዶ ግድግዳው ላይ ጣለው። ከዚያ ዘነቡ በራሷ እጅ የሠራችውን ሹሩባ በራሷ እጅ ፈታችው፤ እንደ አሠራሩ ከግንባር ወደ ማጅራት፣ ቀስ ብላ። ውጭ የቅሬው ድንኳን ችካል መመታት ጀመረ።

በሳልስቱ ቀን ይመኙሻል ድምፅዋ ተዘግቶ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዘነቡ ጎኗ ናት፤ ከዳር አይደለም።

«ጣቢያው ላይ ታውቂ ነበር» አለች ይመኙሻል።

«አውቅ ነበር።»

«እጅሽ አልተንቀጠቀጠም።»

«የኔ ተራ ቤቴ ነበር፣ እታለም። ገብቼ ተንቀጠቀጥኩ።»

ይመኙሻል የነጠላዋን ጫፍ በጣቶቿ ዳበሰች። «የልጄን መርዶ ሰው ነው የነገረኝ» አለች በመጨረሻ፤ ቀና ብላ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡትን ሁሉ አየች። «ሰው ነገረኝ።» በድንኳኑ ውስጥ የሰማ ሁሉ አንገቱን ቀጥ አደረገ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ ድንኳኑ አጠገብ ቆመ። በላዩ የተደራረበው ሣጥን ሁሉ ቄብ ነው፤ ጩኸታቸው ሰፈሩን ሞላው። የመስመር አቅራቢው ኮፍያ ያደረገ ንጹሕ ወጣት ወረደ። በእጁ ሰሌዳ ይዟል። ሰሌዳውን አየ፣ ድንኳኑን አየ፣ ተመልሶ ሰሌዳውን አየ።

«የላይ ሾላ ሰፈር ይህ ነው?» አለ።

«ይህ ነው» አለ ሺበሺ።

«በአንድ ማታ እንዲህ ያለ የዶሮ ፍላጎት አይተን አናውቅም። ከነናሙናው ፈጥናችሁ ድረሱ ተብለን ነው።» ጣቱ ሰሌዳው ላይ ሮጠ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሰሌዳው ላይ ስለ ሐዘን የተጻፈ ነገር አልነበረም። ቀና አለ፤ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች፣ የተደረደሩትን የቅሬው ወንበሮች፣ ባዶ እግሯን ፍራሽ ላይ የተቀመጠችውን ሴትዮ አየ። ኮፍያውን ሳያስበው አወለቀ።

«ይቅርታ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን ሞቶ ነው?»

 ሺበሺ ዓይኑን ጨፈነ፤ ያ እንቁላል ከሦስት ዓመት በኋላ ከእጁ የወረደለት ይመስል ጣቶቹን ዘረጋ። ዘነቡ የይመኙሻልን እጅ ጨበጠች። ዶሮዎቹ ብቻ ይጮኻሉ።

ይማም ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ፣ ከሳጥኖቹ ጩኸት መሀል ወደ ወጣቱ ሄደ፣ ትከሻውን ይዞ ወደ ባዶ ወንበር መራው።

«ተቀመጥ መጀመሪያ» አለው። «እንነግርሃለን።»